አምስት ታርት ታክስ አለው፣ ስድስት ታርት የለውም

በቅርቡ አንድ ባለሱቅ ወንድማችን ደረሰኞቹን በካርቶን ሞልቶ ቢሮዬ መጣ። እንጀራና የፈላ ቡና ይሸጣል፤ በጂ.ኤስ.ቲም ተመዝግቧል። ከቡናው ጋር የፖርቱጋል የእንቁላል ታርት ማቅረብ ከጀመረ ወራት ተቆጥረዋል። ሁለት ጥያቄዎች ነበሩት። «የማመጣው ታርት እውነተኛው መሆኑን በምን ልወቅ? ታክሱንስ እንዴት ላድርግ?» ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ነው፤ የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል።

ታርቱ ከየት መጣ?

የዚህ ታርት አገሩ ሊዝበን ውስጥ ቤሌም የተባለው ሰፈር ነው። በዤሮኒሙሽ ገዳም ይሠራ እንደነበር ይነገራል። በ1834 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋል ገዳማቷን ስትዘጋ ሙያው ወደ ውጭ ወጣ። በ1837 በገዳሙ አቅራቢያ መሸጥ የጀመረው ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። «ፓስቴይሽ ዴ ቤሌም» የሚለው ስም የዚያ ቤት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ እዚያው ሊዝበን ውስጥ የሚጋገረውም ጭምር፣ «ፓስቴል ዴ ናታ» ይባላል። ስለዚህ ካልጋሪ ውስጥ አንድ አከፋፋይ «የቤሌም ነው» ቢላችሁ ጠንቀቅ በሉ።

በ1989 አንድሩ ስቶው የተባለ እንግሊዛዊ ማካው ውስጥ ዳቦ ቤት ከፍቶ ታርቱን በራሱ መንገድ መጋገር ጀመረ። ከዚያም ወደ ሆንግ ኮንግና ታይዋን ተዛመተ። ሆንግ ኮንግ ግን ከዚያ በፊትም የራሷ የእንቁላል ታርት ነበራት። ባለሱቆችን የሚያሳስተው ይኸኛው ነው።

መለያቸው ቀላል ነው። የሆንግ ኮንጉ ፊቱ ለስላሳና ቢጫ ነው፤ አያርም። የፖርቱጋሉ በጣም በጋለ ምድጃ ስለሚጋገር ፊቱ ላይ ጠቆር ያሉ የማረር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የተደራረበ ስለሆነ ሲነከስ ይንኮሻኮሻል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ጥፋቱ አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ነው። ደግሞም ታርቱ በተጋገረበት ቀን ካልተበላ ቅርፊቱ ይለሰልሳል። ስለዚህ አቅራቢያችሁን መቼ እንደጋገረው ጠይቁት።

የእኛው እንጀራስ?

በሰው ታርት ላይ ከመፍረዳችን በፊት ወደ ራሳችን መሶብ እንመልከት። ኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላለች፤ ኋላ ክልከላው በከፊል ላልቷል። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይመረታል። ስለዚህ «ከአገር ቤት የመጣ ጤፍ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ከረጢቱን አንብቡ።

ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበትን እንጀራ «የጤፍ» ብሎ መሸጥ ከዚህ የባሰ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስንዴና ገብስ አላቸው። ሲሊያክ የተባለው በሽታ ያለበት ሰው ስሙን አምኖ ገዝቶ ቢበላ ይታመማል። ከነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካናዳ በታሸገ ምግብ መለያ ላይ የግሉተን ምንጮች በግልጽ እንዲጻፉ ሕጉ ያስገድዳል። ድብልቅ ከሆነ ድብልቅ በሉት፤ ደንበኛው ይገዛችኋል።

ወደ ታክሱ እንሂድ

ጂ.ኤስ.ቲ. 5 በመቶ ነው፤ አልበርታ የራሷ የሽያጭ ታክስ የላትም። ዳቦና ጣፋጭ ያልገባበት የዳቦ ዓይነት፣ እንጀራችንም ጭምር፣ ወደ ቤት ተወስዶ ሲበላ ታክሱ ዜሮ በመቶ ነው። ወጥ ፈስሶበት ምግብ ቤት ሲቀርብ ግን 5 በመቶ ይከፈልበታል።

ታርት፣ ኬክ፣ ዶናትና ብስኩት ለአንድ ሰው በሚሆን መጠን ሲሸጡ ሕጉ ይቆጥራል። ከ1 እስከ 5 ከሆነ ታክስ አለው፤ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዜሮ ነው። አንዱን ታርት በ3 ዶላር ብትሸጡ፣ አምስቱ 15 ዶላር ሲሆኑ ታክሱ 75 ሳንቲም ነው፤ ድምሩ 15.75 ዶላር ይሆናል። ስድስቱ ግን ልክ 18 ዶላር ናቸው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የታሸገ ታርት ታክስ አለው። ሁለተኛ፣ ሽያጫችሁ በሙሉ ወይም በአብዛኛው እንደ ምግብ ቤት ከሆነ፣ ደንበኛው እዚያው ተቀምጦ የሚበላው ስድስትም ቢሆን ታክስ አለው።

ወንድማችን «ምግብ ታክስ የለውም» ብሎ ነጠላውን ታርት ሁሉ ያለ ታክስ ሲሸጥ ከርሟል። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። በቀን 40 ነጠላ ታርት በ3 ዶላር ቢሸጥ የቀኑ ታክስ 6 ዶላር ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 1,800 ዶላር ይሆናል። ከደንበኛ ያልተሰበሰበ ታክስ ከባለሱቁ ኪስ ይወጣል። በስህተት ከእንጀራ ላይ የሰበሰባችሁትም ቢሆን ለመንግሥት ገቢ ይደረጋል እንጂ የእናንተ አይሆንም።

ዜሮ በመቶ ከታክስ ነፃ ማለት አይደለም። ከተመዘገባችሁ ለምድጃው፣ ለኪራዩና ለጥገናው የከፈላችሁትን ጂ.ኤስ.ቲ. መልሳችሁ ትጠይቃላችሁ። የመመዝገቢያው ወሰን በአራት ተከታታይ ሩብ ዓመታት 30,000 ዶላር ሲሆን፣ የእንጀራው ዜሮ ሽያጭም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

ባለታክሲዎች ሆይ፣ ይህ የ30,000 ዶላር ወሰን ለታክሲ ሥራችሁ አይሠራም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መመዝገብ ግዴታ ነው። ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስልክ መተግበሪያ ተጠርተው ሰው የሚያመላልሱትም እንደዚሁ ናቸው።

ለዛሬ ሦስት ነገር አድርጉ፦ የካሽ ሬጅስተራችሁን ለነጠላና ለስድስት ታርት ለየብቻ ቁልፍ አውጡለት፤ የእንጀራችሁን መለያ እንደገና አንብቡት፤ ደረሰኞቻችሁን ለ6 ዓመት አስቀምጡ። ያ ወንድማችን ከአሁን ወዲህ ታርቱን ስድስት ስድስት አድርጎ በካርቶን እየሸጠ ነው። የነጠላውንም ታክስ ይሰበስባል፤ ያለፈውን ዕዳ ደግሞ በስምምነት ለመክፈል ተዘጋጅቷል።