ታንኳና ማዕበል፤ ከጀማሪነት እስከ ባለሙያነት

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ ተረቱን በቃል መድገም ሌላ፥ በሥራ መፈጸም ሌላ ነው። እኛ ተማሪዎች የመጨረሻውን ደረጃ በመጀመሪያው ቀን ለመርገጥ እንቸኩላለን። ይህን በሽታዬን የገለጠልኝ የጣና ሐይቅ ነው፤ ለትምህርቱ የከፈልሁት ዋጋም ሕይወቴ ሊሆን ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንድ የዕረፍት ሰሞን ሦስት ጓደኛሞች ከጐንደር ተነሥተን ወደ ጎርጎራ ወረድን። ከዳርቻው አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ አገኘናቸውና «አባቴ፥ ታንኳዎን ለጥቂት ጊዜ ያውሱን» አልናቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አይተውን «ዋና ታውቃላችሁ ወይ፥ ልጆቼ?» ሲሉ ጠየቁን። ከሦስታችን ዋና የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «አላውቅም» ማለት ያፍራልና «እናውቃለን» አልን።

ከዳር ጥቂት እንደ ራቅን አንዱ ጓደኛችን ፎቶግራፍ ሊነሣ ብድግ አለ። ታንኳዋም ወዲያው ተገለበጠች። ውኃው ከቁመታችን ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ለመስጠም ግን ውቅያኖስ አያስፈልግም። ሽማግሌው በሌላ ታንኳ ደርሰው አንዳችንን በክንዱ፥ ሌላውን በልብሱ ይዘው አወጡን። እኔ ከተገለበጠችው ታንኳ ላይ ተጣብቄ ቆየሁ። ዳር ከደረስን በኋላ አልተቈጡንም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማችሁም? ታንኳም ፊደል አላት፤ ሀን ያላወቀ ፐን አይቈጥርም» አሉን። በማግሥቱ ተመልሰን ከሀ ጀመርን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ያንጊዜ ከተማርሁትና በኋላ በንባብ ካገኘሁት የተውጣጣ ነው።

ሀ) ታንኳ ምን ዐይነት ነገር ናት?

የጣና ታንኳ የምትሠራው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም እየታሰረ ጫፏ ወደ ላይ የቀና ጀልባ ይሆናል። ከውስጧ ለመቀመጫና ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን ተጨማሪ የደንገል እስር ይገባል። የደንገል አገዳ ውስጡ ስፖንጅ የመሰለና አየር የሞላበት ነው፤ ስለዚህ ታንኳዋ ውኃ ቢገባባትም እንደ እንጨት ወይም እንደ ብረት ጀልባ ወዲያው አትሰጥምም። የሚንሳፈፈው ገላዋ ራሱ ነውና። ሕይወቴን ያተረፈው ይኸው ጠባይዋ ነው።

ዳሩ ግን ይህ ጠባይ ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፥ ደንገል ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳዋም ትከብዳለች፥ በመጨረሻም ትበሰብሳለች። ስለዚህ ከሥራ መልስ ከውኃ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ይገባታል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ በወራት የሚቈጠር ነው። ሁለተኛ፥ ጠባብና ቀላል ስለ ሆነች ተሳፋሪው ሲቆም የክብደቱ መካከል ወደ ላይ ይወጣል፤ ትንሽ ዘንበል ያለች እንደ ሆነ ሚዛኗን መልሳ ማግኘት አትችልም። ይህን በፊዚክስ ክፍል ተምረነው ነበር፤ ነገር ግን ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ትተነው ወጥተናል።

ለ) ማዕበል ከየት ይመጣል?

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ፥ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፥ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ከበዛ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የማዕበል ታላቅነት የሚወሰነው በነፋሱ ኀይል፥ ነፋሱ በነፈሰበት የጊዜ ርዝመትና ሳይቋረጥ በተጓዘበት የውኃ ስፋት ነው። ጥልቀት ባነሰበት ሐይቅ ማዕበሉ እንደ ውቅያኖስ ማዕበል ረጅምና የተዘረጋ ሳይሆን አጭር፥ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ለትንሽ ጀልባ አስቸጋሪው ይህ ዐይነቱ ነው።

ማዕበል ወደ ዳር ሲቀርብ ምን እንደሚሆን ማወቅም ይጠቅማል። ጥልቀቱ 4 ሜትር በሆነበት ቦታ ረጅም ማዕበል በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 3 ሜትር ይወርዳል። የፊተኛው ሲዘገይ የኋለኛው ይደርስበታል፤ ማዕበሉም ይጠጋጋል፥ ቁመቱም ይጨምራል። ቁመቱ ከውኃው ጥልቀት 8 ዐሥረኛ ያህል ሲደርስ ጫፉ ወደ ፊት ተደፍቶ ይሰበራል። ግማሽ ሜትር የሚሆን ማዕበል እንግዲህ የሚሰበረው ውኃው ከጉልበት ጥቂት ከፍ በሚልበት ቦታ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጀማሪ «ዳር ደረስሁ» ብሎ የሚዘናጋበት ቦታ ዋናው የመገልበጫ ቦታ ነው።

ሐ) ደረጃዎቹ

1ኛ ደረጃ፤ ዋና። የጐንደር ልጅ ከብዙ ውኃ ጋር የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥምቀት ዕለት፥ ከቀሃ ወንዝ በሚሞላው በፋሲለደስ መዋኛ ነው። ጸሎቱ እንዳበቃ ጐበዛዝቱ ዘለው ይገባሉ። ዘሎ መግባት ግን ዋና አይደለም። የደጋ ልጆች በየወንዙ ገንዳ ይለማመዳሉ፤ እርሱም በክረምት ደራሽ ውኃ አደጋ አለው። መመዘኛው ይህ ነው፦ ተማሪው ልብሱን እንደ ለበሰ በጀርባው ተንጋሎ 10 ደቂቃ ሳይደነግጥ መንሳፈፍ ይችላልን? ካልቻለ ወደ 2ኛው ደረጃ አይለፍ። ከዚህ ላይ ለጤና ተማሪዎች የማያዳግት፥ ለሌሎቻችን ግን ሊነገር የሚገባ ነገር አለ፤ ሣር በበዛበት የጣና ዳርቻ ቀንድ አውጣዎች የሚያስተላልፉት የቢልሃርዚያ በሽታ አለ። ስለዚህ መለማመጃ ቦታን መምረጥ፥ ከውኃው ገብቶ የወጣም በጤና ጣቢያ መመርመር ይገባዋል። መድኀኒቱ የታወቀ ነው።

2ኛ ደረጃ፤ መቀመጥ። ይህ ቀላል ይመስላል። በረጋ ውኃ፥ ወገብ በማያልፍ ጥልቀት፥ መካከሉን ይዞ መቀመጥ፤ ከዚያም ሆን ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበልና ታንኳዋ እስከ ምን እንደምትታገሥ ማወቅ። ሽማግሌው አንድ ሙሉ ጧት ያለ መቅዘፊያ አስቀምጠውናል። ሰልችቶን «አባቴ፥ መቼ ነው የምንሄደው?» ብንላቸው «መቀመጥ ያልቻለ ወዴት ይሄዳል?» አሉን። መመዘኛው፦ ተገልብጦ ሳይደነግጡ ታንኳዋን መልሶ መሳፈር።

3ኛ ደረጃ፤ መቅዘፍ። መቅዘፊያው ረጅም ዘንግ ነው። ጥልቀት በሌለበት መሬቱን ይገፉበታል፤ ጥልቀት ባለበት በቀኝና በግራ እየቀያየሩ ውኃውን ይቀዝፉበታል። ጀማሪ ባንድ ወገን ብቻ ይበረታና ታንኳዋ እንደ አውድማ በሬ ትዞራለች። ኀይል ማብዛት ሳይሆን ሁለቱን ወገን ማስተካከል ነው ጥበቡ። መመዘኛው፦ ከዳር አንድ ዛፍ መርጦ በቀጥታ ወደ እርሱ መድረስ።

4ኛ ደረጃ፤ ነፋስንና ማዕበልን ማንበብ። በጣና ጧት ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው ጕዞውን በጧት ያደርጋል። ማዕበል ቢይዘው የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ያዞራል እንጂ ጎኗን አይሰጥም። ወደ ዳር ሲመለስ ደግሞ ማዕበሉን በትክክል ከኋላው አድርጎ፥ የሚሰበረውን አሳልፎ፥ በሚቀጥለው ጀርባ ላይ ይገባል። መመዘኛው አስገራሚ ነው፦ «ዛሬ አልሄድም» ማለት መቻል። ብዙ ጐበዝ የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነው።

5ኛ ደረጃ፤ ጭነትና ሰው ማሻገር። ራስን ማሻገር የተማሪ፥ ሌላውን ማሻገር የባለሙያ ነው። ከባዱ ዕቃ ከታችና ከመካከል ይሆናል፤ ተሳፋሪው እንዳይቆም ቀድሞ ይነገረዋል።

6ኛ ደረጃ፤ ታንኳ መሥራት። የመጨረሻው ማዕርግ ይህ ነው። ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፥ እስከ ምን እንደሚደርቅ፥ እስሩ የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ የሚያውቅ ሰው የታንኳን ሁሉ ነገር ያውቃል።

መ) በሌላው ዓለም

በሃዋይ ደሴቶች ሰዎች በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልባሉ። ይህ ጨዋታ በቶኪዮ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 በተፈጸመው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ሆኖ ገብቷል። ሥርዐቱ ከእኛው ሽማግሌ ትምህርት አይርቅም። ጀማሪው ከተሰበረ ማዕበል አረፋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ይጀምራል፤ ቀጥሎ መቆምን፥ ቀጥሎ ያልተሰበረ ማዕበል መያዝን፥ ኋላም ከማዕበሉ ፊት ላይ ወደ ጎን መጓዝንና መታጠፍን ይማራል። ይህን ጥበብ ለዓለም ያስተዋወቀው የሃዋዩ ዱክ ካሃናሞኩ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ሰው ነበር። አስቀድሞ ዋናተኛ ነበር ማለት ነው። በፔሩ አገር በዋንቻኮ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆችም ደንገል ከሚመስል ተክል በሠሯት ጠባብ ታንኳ ማዕበሉን እየጋለቡ ወደ ዳር ይመለሳሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚነካን ግን የራ መርከብ ታሪክ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና የተወሰደ ደንገል በቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች እጅ አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሞከረ። መርከቧ ረጅም መንገድ ከተጓዘች በኋላ ባርቤዶስ ሳትደርስ ኋላዋ ጎብጦ ተፈታታች። ከምክንያቶቹ አንዱ በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የሚታየው፥ ኋላዋን ስቦ የሚይዘው ገመድ ጥቅሙ ሳይታወቅ መቅረቱ ነበር። በ1970 በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የተሠራችው ራ ሁለተኛ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። እንግዲህ አንዲት የተናቀች ገመድ ውቅያኖስን በመሻገርና ባለመሻገር መካከል ቆማ ነበር።

ሠ) ስለዚህ ምን እናድርግ?

ሁለት ነገር ላሳስብ። የመጀመሪያው፥ ማኅበራችን የዋና ክፍል ያቋቁም፤ ዋና የማያውቅ ተማሪም በሽርሽር ጊዜ ታንኳ ላይ አይውጣ። ይህን የምለው ተመክሬ ሳይሆን ሰጥሜ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቈዩልን ከሁሉ በላይ ነገደ ወይጦ የተባሉት ወገኖቻችን ናቸው። ለዚህ ውለታቸው አገሩ የመለሰላቸው ንቀትን ነው፤ ማዕዳቸው ሲጠላ፥ ዘራቸው ሲነቀፍ ኖሯል። የደንገሉም ዳርቻ በእርሻና በከብት እየተገፋ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭም ሌላ ችግር ጨምሯል። ደንገሉ ቢጠፋ 6ኛው ደረጃ ይጠፋል፤ እርሱ ሲጠፋ የቀሩት አምስቱ በምን ላይ ይቆማሉ?

እኛ ዲግሪ ስንቀበል የምናውቀውን ያህል የማናውቀውንም ብንቈጥር መልካም ነው። ያን ዕለት በሐይቁ ዳር ከነበርነው አራት ሰዎች የተማሩት አንዱ ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም ፊደል አልቈጠሩም፤ ሦስት ተማሪዎችን ግን ከውኃ አውጥተዋል።