ስለ ንግድ ምልክትና ስለ ሱቅ ታፔላ

የንግድ ምልክት የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የትልልቅ ፋብሪካዎችን ነገር ነው። ነገሩ ግን እጅግ የቈየና ለአገራችንም እንግዳ ያልሆነ ነው። ጠላ የምትሸጥ ሴት ጠላዋ ሲደርስ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ከደጇ ታቆማለች፤ መንገደኛውም ያንን አይቶ ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። ጣሳው ፊደል ለሚያውቅም ለማያውቅም እኩል ይናገራል። ይሁን እንጂ አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ ይኸውም «እዚህ ጠላ አለ» ይላል እንጂ የማን ጠላ እንደ ሆነ አይናገርም። የሥራው ምልክት ነው፤ የባለሥራው ምልክት ግን አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው። በደባርቅና በዳባት ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አውጥተው የሚያሠሩት ታፔላ ብዙውን ጊዜ ከጣሳው አልፎ የማይሄድ ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ ደባርቅን አቋርጦ ያልፋል። ማስታወሻ ደብተር ይዤ በዚህ መንገድ ግራና ቀኙን እያየሁ ስሄድ የዋልያ ሥዕል፣ የጭላዳ ሥዕል፣ «ስሜን» የሚል ቃል ያለበትን ታፔላ መቍጠር ሰለቸኝ። ምክንያቱ ይገባኛል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 የተቋቋመ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)፣ በ1978 ደግሞ በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዋልያም በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ በዚሁ በእኛ ተራራ ብቻ ነው። በዚህ የማይኮራ የአገር ልጅ የለም። ነገር ግን ኩራትና መለያ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዋልያ የሁላችን በመሆኑ ለማንኛውም አንድ ሱቅ መለያ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ከእኛ አልፎ የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን መጠሪያ ነው፤ በ2014 ደግሞ በስሙ ቢራ ወጥቶበታል። አንድ እንግዳ «የዋልያ ሥዕል ካለበት ቤት ጥሩ ሽሮ በላሁ» ብሎ ለጓደኛው ቢነግረው ጓደኛው ወደየትኛው ቤት ይገባል?

ምናልባት አንዳንድ ሰው «በ1995 የተቋቋመው ዳሸን ባንክም፣ ጎንደር የሚጠመቀው ዳሸን ቢራም በዚያው በተራራችን ስም ይጠራሉ፤ ምን ጐዳቸው?» ይለኝ ይሆናል። ባንክና ቢራ ግን አይምታቱም፤ ገንዘብ ሊያስቀምጥ ወጥቶ በስሕተት ጠርሙስ የሚገዛ የለም። በአንድ መንገድ ላይ የቆሙ ሁለት ሻይ ቤቶች ግን በአንድ ስም ሲጠሩ ይምታታሉ። ስለ ስም ምርጫ እኔ የምወደው ምሳሌ በ1953 አዲስ አበባ የተመሠረተው ቶሞካ ነው። ስሙ ዘመናዊ የቡና መቍያ የሚል ትርጉም ካላቸው ከሦስት የጣልያንኛ ቃላት መጀመሪያ የተለቀመ ነው። ለአማርኛ ሰሚ ምንም አይነግረውም፤ ሌላ ማንም ስለማይጠራበት ግን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ከሌላ ቤት ጋር አያምታታውም።

ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሣኝ ቅርብ ነው። ዳባት ውስጥ ማር የሚሸጡ አክስት አሉኝ። ማራቸውን ከስኳር አይቀላቅሉም፤ የሚሸጡትም እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሃይላንድ ነው። (ሃይላንድ ራሱ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ዛሬ የማንኛውም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል፤ ስም እንዲህ ደግሞ ከባለቤቱ ያመልጣል።) ባለፈው ዓመት ከጎንደር የመጣ ደንበኛ ማሩን ወዶ ለጎረቤቱ ነገረው። ጎረቤቱም ዳባት ሲደርስ ከሌላ ሻጭ ገዛ፤ ማሩ ስኳር ሆኖ ተገኘ፤ ወቀሳው ግን ዞሮ በአክስቴ ላይ ወደቀ። ጠርሙሱ ያው፣ ገበያው ያው፣ ከላዩ የተጻፈ ነገር የለ፤ «የእኔ አይደለም» ብለው በምን ያስረዱ? «ታዲያ ንጹሕ መሸጤ ምን ጠቀመኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኋላ አንዲት ትንሽ ወረቀት እንድንለጥፍበት ተስማማን። እሳቸው የንብ ሥዕል እንዲደረግበት ፈለጉ። እኔ ግን ንብ የማር ሻጭ ሁሉ ጣሳ ነው ብዬ ተከራከርሁ። በመጨረሻ የተስማማነው ራሳቸው በሚሰፉት ሰፌድ ዳር ላይ በሚያወርዱት ባለ ሦስት ማዕዘን ጥለት ላይ ነው። ጥለቱን በአንድ ቀለም ብቻ ሣልሁት፤ ከሥሩ ስማቸው ከነአባታቸው፣ ቀጥሎም «ዳባት» የሚል አለ። አንድ ቀለም የሆነበት ምክንያት በላስቲክ ማኅተም ሊቀረጽ ስለሚገባው ነው፤ ማኅተም ካለ ለእያንዳንዱ ወረቀት የማተሚያ ቤት ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። ከሌላ ሰው ገዝተው በሚሸጡት ማር ላይ ግን ማኅተሙን አያሳርፉም፤ ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አላሰብሁትም ነበር።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልጨምር። በ2006 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 501 የንግድ ምልክትን የሚተረጕመው የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል የሚታይ ምልክት አድርጎ ነው። የተመዘገበ ምልክት 7 ዓመት ይጠበቃል፤ ይታደሳልም። ብዙ ባለሱቆች በንግድ ፈቃዳቸው ላይ ስም ስላስመዘገቡ ምልክታቸውም የተጠበቀ ይመስላቸዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ምልክት የሚመዘገበው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የአገር ስምስ ጭራሽ ባለቤት ሊኖረው አይችልምን? ይችላል፤ ግን ለአንድ ሰው ብቻውን አይቀልም። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የመዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በማለት መጀመሪያ ሳይቀበል ቀረ። ነገሩ ብዙ ካነጋገረ በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። ዐዋጁ የጋራ የንግድ ምልክትንም ስለሚያውቅ «የስሜን ማር» የሚል ስም ለአንድ ባለሱቅ ሳይሆን ለንብ አርቢዎች ማኅበር ቢሆን ያምርበታል፤ እኔ እስከማስበው ድረስ።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ። ታፔላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ልክ አለ፤ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲሜትር የፊደል ቁመት ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከመንገዱ ማዶ፣ ማለት ከ15 ሜትር ርቀት፣ ለሚያነብ ሰው 12.5 ሳንቲሜትር፣ ከ30 ሜትር ለሚያይ ተሳፋሪ ደግሞ 25 ሳንቲሜትር ያስፈልጋል። ይህ ልክ የወጣው ለላቲን ፊደል ስለ ሆነ ለእኛ ቢበዛ እንጂ አያንስም። ምክንያቱም በእኛ ፊደል ድምፁን የምትለውጠው ትንሿ ቅጥል ናት፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ቅጥሉ ከወገቡ ወይም ከእግሩ መሆኑ ብቻ ነው። ጥላና ድርብ መስመር ለማሳመር ተብሎ ሲጨመር ያች ቅጥል ትሰወራለች። ደግሞም የፊደላችን ወርድ ከቁመቱ ብዙ ስለማያንስ በ3 ሜትር ታፔላ ላይ ባለ 25 ሳንቲሜትር ፊደል የሚይዘው ከ10 እስከ 12 ፊደል ነው። «የሕንፃ መሣሪያና የቤት ዕቃ ጅምላና ችርቻሮ መሸጫ» የሚለው ሐረግ ወደ ታች በትንሹ ይጻፍ፤ ትልቁን ስፍራ ስሙ ይያዘው።

የሆሄውም ነገር አለ። አንድ ሱቅ በታፔላው «ሰላም»፣ በደረሰኙ «ሠላም» ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ ዋልያም አንዳንድ ጊዜ «ዋሊያ» ይሆናል። የቋንቋ መምህሮቻችን የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ያስተምሩናል፤ ለነጋዴው ግን ከሁሉ የሚበልጠው የመረጠውን በታፔላው፣ በማኅተሙና በከረጢቱ ላይ ሳይለውጥ መጻፉ ነው።

ስለ ቀለም ባጭሩ፦ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ቀለም የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በታተመ ባነር ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይና ቢጫ ነው፤ ሰማያዊና ጥቍር ይቈያሉ። ስማቸውን በቀይ ያሳተሙ ሱቆች ከጥቂት ክረምትና በጋ በኋላ ስም የለሽ የሚሆኑት ስለዚህ ነው። ጥሩ የቅባት ቀለም ያለው የእጅ ሠዓሊ ዛሬም ቢሆን ከባነር አይተናነስም ባይ ነኝ።

የቀረው ታፔላው ለማን እንደሚናገር ነው። ብዙዎቹ የተጻፉት በውጭ ቋንቋ ለተራራ ጎብኚ ነው። ከ2020 ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት ጎብኚው ሲቀር ታፔላዎቹ የሚያነባቸው አጡ። በዚያ ጊዜ ሱቁን ያቈየው ጨውና ሳሙና የሚገዛው የአገሬው ሰው ነው። ስለዚህ ስሙ በአማርኛ ከላይ በትልቁ ቢጻፍ፣ የውጭው ቋንቋ ከሥሩ ቢከተል፣ ማንበብ ለማይችለውም የዕቃው ሥዕል ከጐን ቢታከልበት ታፔላው ጎብኚ ባለበትም በሌለበትም ጊዜ ያገለግላል።