ከመርከቡ በፊት በረዶውን መምረጥ፦ የአላስካ ጉዞ ብሮሹርን በስድስቱ የዜና ጥያቄዎች ማንበብ

መግቢያ

የዜና አጻጻፍ ትምህርት ስንጀምር ቀድመን የምንማረው ስድስቱን ጥያቄዎች ነው፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ብዙዎቻችን እነዚህ ጥያቄዎች ለአደጋ፣ ለስብሰባና ለምርቃት ዜና ብቻ የተፈጠሩ ይመስለናል። የጉዞ ገጽ ላይ ስንደርስ ጥያቄው ይቀርና ማድነቅ ይጀመራል። «ዓይን የሚያፈዝ ውበት»፣ «የማይረሳ ትዝታ» እያልን አምዱን እንሞላለን። አንባቢው ግን ገንዘቡን የት ላይ ማውጣት እንዳለበት ከዚህ ምንም አያገኝም።

ይህ ጽሑፍ ስድስቱን ጥያቄዎች በአንድ የጉዞ ማስታወቂያ ላይ ይሞክራል። ምሳሌው በመዝናኛ መርከብ ወደ አላስካ የሚደረገው የበረዶ ጉዞ ነው። እኛ ከአላስካ ጋር ምን አገናኘን ለሚል፣ መልሱ ሲያትል ነው። ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ወደ አላስካ የሚሄዱ ትልልቅ መርከቦችም በብዛት ከሚነሱባቸው ወደቦች አንዷ ናት። እዚያ የሚኖር ልጅ ለዓመታት ያላያትን እናቱን አስመጥቶ «አንድ ነገር ላሳያት» ሲል ብሮሹሩ እጁ ላይ ነው። የሚከፍለው ብር የስንት ወር የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሰው ምን ብለን እንጻፍለት?

የት?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሰው በተለምዶ «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን «የትኛውን በረዶ ነው የማየው?» ከሚለው ነው። ብሮሹሮቹ ሁሉ ሽፋናቸው ላይ ሰማያዊ የበረዶ ግድግዳ አላቸው፤ መርከቦቹ ግን ሁሉም አንድ ቦታ አይሄዱም።

የመጀመሪያው ቦታ ግላሲየር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 የእንግሊዛዊው አሳሽ የጆርጅ ቫንኩቨር ባልደረቦች በዚያ ሲያልፉ ባሕረ ሰላጤው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቦታውን በረዶ ሞልቶት ነበር። ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ውኃ ሆኗል። ከግግሮቹ አንዱ የሆነው ማርጀሪ ውኃውን የሚነካበት ፊቱ ወደ 1.6 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ፓርኩ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች አያስገባም። የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው ለተሳፋሪው ያስረዳሉ። ከትልቁ መርከብ ግን አይወረድም፤ ሁሉም ነገር የሚታየው ከሰገነት ላይ ነው።

ሁለተኛው ሀበርድ የተባለው ግግር ነው። ርዝመቱ 122 ኪሎ ሜትር ሲሆን ባሕሩን የሚነካው ፊቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ብዙዎቹ ግግሮች ወደ ኋላ ሲሸሹ እሱ ወደፊት ይገፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ2002 ራስል የተባለውን የባሕር ክንድ አፍ ዘግቶ ነበር። ታዲያ መርከቡ ምን ያህል እንደሚጠጋው የሚወስነው በዕለቱ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ ነው። ካፒቴኑ ከሩቅ ሊመለስ ይችላል፤ የጉዞ ውሉም ይህን ይፈቅድለታል።

ሦስተኛዎቹ ትሬሲ አርም እና ኤንዲኮት አርም የሚባሉት፣ በገደል መካከል የገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶች ናቸው። ትሬሲ አርም ውስጥ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2025 ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ሱናሚ አስነስቷል። ስለዚህ ይህ ስም የተጻፈበት የቆየ ብሮሹር ያገኘ ሰው አዲሱን የጉዞ መስመር ደግሞ መጠየቅ አለበት።

እዚህ ላይ እንደ አርታኢ ሁለት ቃላት ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማሳረፍ ይገባል። አንደኛው «ወይም» ነው። «ይህን ወይም ያንን ግግር እናያለን» ማለት አንዱን ብቻ ታያለህ፣ የትኛውን እንደሆነ ግን እኛ እንወስናለን ማለት ነው። ሁለተኛው «እየቀዘፍን መመልከት» የሚለው ዓይነት አነጋገር ነው። ይህ መርከቡ አይቆምም፣ አትወርድም ማለት ነው። ውሸት የለበትም፤ ግን ያልጠየቀ ሰው አይገባውም።

ማን?

በግላሲየር ቤይ በብዛት የሚታዩት የሆላንድ አሜሪካ፣ የፕሪንሰስ እና የኖርዌጂያን መርከቦች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስማቸው ይለያይ እንጂ ባለቤታቸው አንድ ነው፤ ካርኒቫል ኮርፖሬሽን ይባላል። የሮያል ካሪቢያን ግዙፍ መርከቦች በተለምዶ ወደ ሀበርድ ወይም ወደ ኤንዲኮት አርም ይሄዳሉ። ደግሞ ሦስቱ ኩባንያዎች ፈቃድ አላቸው ማለት እያንዳንዱ ጉዟቸው ግላሲየር ቤይን ይነካል ማለት አይደለም። የሚጠየቀው የኩባንያው ስም ሳይሆን በዚያ ቀን የሚነሳው መርከብ መስመር ነው።

ከስሙ ይልቅ የመርከቡ መጠን ብዙ ይናገራል። ኦቬሽን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው የሮያል ካሪቢያን መርከብ ከ4,000 በላይ ተሳፋሪ ይይዛል። በሌላው ጫፍ እንደ ሊንድብላድ እና አንክሩዝ ያሉት 100 ሰው ወይም ከዚያ ያነሰ በሚይዙ ትንንሽ መርከቦች ይሠራሉ። ትንሹ መርከብ ጠባብ ቦታ ይገባል፣ በታንኳ ያወርዳል፣ በእግር ያስኬዳል፤ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ትልቁ ሊፍት አለው፣ ክሊኒክ አለው፣ ማዕበልም ያን ያህል አያናውጠውም። ጉልበቷን ለሚያማት እናት የትኛው እንደሚሻል ለመናገር የኩባንያ ማስታወቂያ አያስፈልግም።

ብሮሹር ላይ የማይገኝ አንድ ሌላ አማራጭም አለ። የአላስካ ግዛት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚያሠራው የሕዝብ ጀልባ ነው። ከሲያትል በስተሰሜን ከምትገኘው ከቤሊንግሃም ይነሳል። ክፍል መያዝ አቅሙ ያልፈቀደ ሰው ሰገነቱ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል። ይህ የአካባቢው ሕዝብ መጓጓዣ እንጂ መዝናኛ አይደለም፤ ግግሮቹ ፊት ሄዶ አይቆምም። ተራራውንና ደሴቶቹን ግን ያሳያል።

እንዴት?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣችው ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ መንገደኛ እንዳያጓጉዙ ይከለክላል። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በባሃማስ፣ በኔዘርላንድስ፣ በቤርሙዳና በመሳሰሉት አገሮች የተመዘገቡ ናቸው። ስለዚህ ከሲያትል ተነስቶ ወደ ሲያትል የሚመለስ መርከብ በመሐል የውጭ ወደብ መንካት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የካናዳዋን ቪክቶሪያ ለጥቂት ሰዓታት ይነካል። ሕጉ የወረቀት ብቻ አይደለም። በኮቪድ ምክንያት ካናዳ ወደቦቿን ስትዘጋ እ.ኤ.አ. በ2020 የትልልቆቹ መርከቦች ወቅት እንዳለ ቀረ። በ2021 መርከቦቹ የተንቀሳቀሱት የአሜሪካ ምክር ቤት ጊዜያዊ ሕግ ካወጣ በኋላ ነው።

ይህ ለእኛ አንባቢ ትልቅ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች እናት ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋታል። የአሜሪካ ቪዛዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ የመመለሱም ነገር ቀድሞ መጣራት አለበት። ሰነድ የማሟላት ኃላፊነት የተሳፋሪው እንደሆነ ውሉ ላይ ተጽፏል። ሰነዱ ጎደለ ተብሎ ወደቡ ላይ የቀረ ሰው ገንዘቡን የሚመልስለት የለም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ብሮሹሩ «በቪክቶሪያ የምሽት ሽርሽር» ይላል እንጂ ይህን በትልቁ አይጽፍም።

መንገዱም ይለያያል። ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ከቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ፣ በክፍት ውቅያኖስ ያልፋሉ። ከቫንኩቨር ከተማ የሚነሱት በደሴቱና በየብሱ መካከል ባለው የተከለለ ውኃ ይጓዛሉ። ባሕር የሚያስታውከው ሰው ይህን ሳያውቅ ትኬት መቁረጥ የለበትም።

መቼና በምን ያህል?

ወቅቱ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ነው። ግንቦት በአንጻሩ ደረቅ ነው፤ መስከረም ዝናብ ይበዛዋል። ኬቺካን የተባለችው የወደብ ከተማ በዓመት 3,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ የአዲስ አበባ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከወፍራም ካፖርት ይልቅ ውኃ የማያስገባ ጃኬት ይቅደም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ብሮሹሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ የአንዱ ሰው ድርሻ ነው። ብቻውን የሚጓዝ እስከ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። የወደብ ክፍያ፣ በየቀኑ የሚታሰበው የሠራተኞች ጉርሻ፣ ኢንተርኔትና በየወደቡ የሚሸጠው ጉብኝት ይጨመሩበታል። አንዳንዱን መቀነስ ይቻላል፤ ለምሳሌ ጁኖ ከተማ ወርዶ ሜንደንሆል የተባለውን ግግር በአውቶቡስ ሄዶ ለማየት የመርከቡን ጉብኝት መግዛት ግድ አይደለም።

ለምን?

ብሮሹር ውስጥ ፈጽሞ የማይሰማው የአካባቢው ሰው ድምፅ ነው። ጁኖ ወደ 32 ሺህ ሕዝብ አላት፤ ከሌላው የግዛቱ ክፍል የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት በላይ ትልልቅ መርከቦች እንዳይገቡ ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በቀን ከ16,000፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ12,000 የመንገደኛ አልጋ እንዳይበልጥ ሌላ ስምምነት አለ። በሌላ በኩል በኦክቶበር 2024 «ቅዳሜ መርከብ አይግባ» የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀርቦ መራጮቹ አልተቀበሉትም። ሰዉ ገቢውንም ይፈልጋል፣ ሰላሙንም ይፈልጋል። ሁለቱም ወገን ካልተጠየቀ የጉዞ ገጻችን ግማሽ ዘገባ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ በረዶው፣ ቀጥሎ መንገዱና ሰነዱ፣ ከዚያ የመርከቡ መጠን፣ የኩባንያው ስም በመጨረሻ። ለዚያ ለሲያትሉ ልጅ የሚጠቅመው ምክር ይህ ነው፤ የጉዞ ወኪሉ ፊት ሲቀመጥ «የምሄድበት ቀን መርከቡ የትኛው ግግር ጋ ይደርሳል? ካናዳ የት ይቆማል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

ለእኛ ለተማሪዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። የጉዞ ድርጅቶች ጋዜጠኛን በነፃ ይጋብዛሉ። በነፃ የሄደ ጸሐፊ የዋጋውን ጥያቄ በቀላሉ ይረሳዋል፤ ምክንያቱም ከኪሱ አልወጣም። ስለዚህ ግብዣውን የተቀበለ ሰው ጽሑፉ ላይ ይህንኑ በግልጽ ያስፍር፤ አንባቢው አውቆ ያንብበው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ፤ የጉዞ ገጽ ላይም ሥራችን መጠየቅ ነው።