እጅ ምን ይሠራል? በእጅ ስለሚዘወሩ የትራንስፎርመር ታፕ መቀየሪያዎች

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን ትራንስፎርመር ስንማር መጀመሪያ የምንይዘው የዙር ንጽጽርን ነው። የከፍተኛው ቮልቴጅ ጥቅል ሽቦ ስንት ዙር አለው፣ የዝቅተኛውስ ስንት ነው፣ ከዚያ ማካፈል ነው። ፈተናውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለ ታፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዙሩን በመጨመርና በመቀነስ ቮልቴጅ ለማስተካከል ይጠቅማል ተብሎ ይታለፋል። ዙሩን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማን ነው? በምን መሣሪያ? ይሄ ሳይነሳ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ለማየት የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ በተለይም ሞተር በሌለበት ወይም ሞተሩ በማይሠራበት ጊዜ ሰው በእጁ የሚያዞረውን ክፍል።

በምሰሶ ላይ የተሰቀለ የሰፈር ትራንስፎርመር ክዳኑ ላይ እጀታ አለው። በማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ትልቁ ትራንስፎርመር ደግሞ ጎኑ ላይ ባለ ሳጥን በኩል የሚገባ መዘወሪያ አለው፤ የድሮ የጭነት መኪና ማስነሻ ማኖቬላ የመሰለ ነው። ሁለቱም በእጅ ይዞራሉ፣ ሁለቱም ታፕ ይቀይራሉ። ነገር ግን በመጀመሪያው ላይ እጃችን ራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። በሁለተኛው ላይ ግን እጃችን ሞላ ከማጠንጠን ያለፈ ሥራ የለውም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሰው የሚገድለውም የሚያድነውም እሱ ነው።

በቅድሚያ የሰፈሩን እንይ። በአገራችን ከተሞች በብዛት የምናየው 15,000 ቮልቱን ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። የተለመደው ታፕ መቀየሪያ አምስት ቦታዎች አሉት፤ በየመካከላቸውም የ2.5 በመቶ ልዩነት አለ። በስም ሰሌዳው ላይ 1ኛው ቦታ 15,750፣ 2ኛው 15,375፣ 3ኛው 15,000፣ 4ኛው 14,625፣ 5ኛው 14,250 ቮልት ተብሎ ይጻፋል። ታፖቹ በከፍተኛው ቮልቴጅ በኩል የተደረጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሙሉ ጭነት ሲይዝ ላይኛው ጥቅል 3.85 አምፔር ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ታችኛው ግን 144 አምፔር። ትንሽ ከረንት ለሚያልፍበት ቦታ ትንሽ መገናኛ ይበቃዋል። ዙሩም ላይኛው ላይ ስለሚበዛ በትንሽ በትንሹ መቁረጥ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በቁጥሮቹ ነው። ወደ 5 ማዞር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቮልት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የቤቱም ቮልቴጅ የሚቀንስ ይመስላል። በተቃራኒው ነው። ሰሌዳው የሚለው «ከላይ የሚመጣው ይህን ያህል ቢሆን ከታች 400 እሰጣለሁ» ነው። 14,250 ላይ አድርገነው 15,000 ቢመጣለት ታዲያ ከ400 አልፎ 421 ይሰጠናል ማለት ነው። የቁጥሩ አቅጣጫ ከፋብሪካ ፋብሪካ ሊለያይ ስለሚችል በቃል ከመያዝ ሰሌዳውን ማንበብ ይሻላል።

አሁን ወደ እጀታው እንምለስ። ከእጀታው በታች አንድ ዘንግ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘንጉ የሦስቱንም ፌዝ መገናኛዎች በአንድ ላይ ያንቀሳቅሳል። ሞላ የለም፣ ሬዚስተር የለም፣ የእሳት ብልጭታ ማጥፊያም የለም። እጅ በዘገየ ቁጥር መገናኛውም ይዘገያል። ኤሌክትሪክ እያለ ቢዞር መገናኛው ከአንዱ ታፕ ተነሥቶ ሌላው ጋ እስኪደርስ ድረስ ጥቅሉ ይቋረጣል፤ ከረንቱ ግን ዝም ብሎ አይቋረጥም፣ በዘይቱ ውስጥ አርክ ይሠራል። ዘይቱ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ጋኑ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ ያለውን እጀታውን የያዘው ሰው አይነግረንም።

የዚህ መሣሪያ ስያሜ በራሱ ወጥመድ ነው ባይ ነኝ። በአንዳንድ መጻሕፍትና ሰሌዳዎች ላይ «ኖ ሎድ ታፕ ቼንጀር» ይባላል። ተማሪው ይህን ሲያነብ «ጭነት ካልያዘ ማዞር ይቻላል» ብሎ ይረዳል። ስለዚህ የታችኛውን ፊውዞች ነቅሎ፣ ሰፈሩን አጨልሞ፣ ከዚያ ማዞር የሚቻል ይመስለዋል። ጭነት የለም ማለትና ኤሌክትሪክ የለም ማለት ግን አንድ አይደለም። የታችኛው ፊውዝ ቢነቀልም ላይኛው ጥቅል አሁንም 15,000 ቮልት ላይ ነው፤ ብረቱን ማግኔት የሚያደርገው ከረንትም ይፈስበታል። ስለዚህ ትክክለኛው አጠራር «ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ብቻ የሚቀየር» የሚለው ነው፤ ረጅም ቢሆንም።

ሥራው በአግባቡ ሲሠራ በመጀመሪያ የታችኛው ጭነት ይነሣል፤ ቀጥሎ የላይኛው ድሮፕ አውት ፊውዝ በሦስቱም ፌዝ ይወርዳል፤ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በመሣሪያ ይረጋገጣል፤ ከዚያም በላይም በታችም ወደ መሬት ይታሰራል። የታችኛው ለምን ይታሰራል የሚል ይኖራል። መልሱ ጄኔሬተር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሱ ሆቴሎችና ሱቆች በከተማችን ሞልተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ያለ መቀያየሪያ ማብሪያ በቀጥታ ከቤቱ መስመር ጋር ካገናኘው፣ ከታች በ220 የገባው ከላይ በሺዎች ቮልት ሆኖ ይወጣል። ትራንስፎርመር ወደ የትኛው ወገን እንደሚሠራ አያውቅምና! ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የእጀታው መቆለፊያ ይነሣል። ዓመታት ሳይነካ የቆየ መገናኛ በላዩ ስስ ቆሻሻ ስለሚይዝ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ጊዜ አመላልሶ ማዞር ይመከራል። በመጨረሻ በተፈለገው ቦታ ላይ መቆለፊያው ጥርሱ ውስጥ መግባቱ ይታያል፤ የሦስቱም ፌዝ ንጽጽር ወይም የጥቅሉ ሬዚስታንስ ተለክቶ ነው መብራት የሚለቀቀው። በሁለት ታፖች መካከል የቀረ እጀታ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል።

ተከራይቼ በምኖርበት በሹም አቦ ሰፈር አከራዬ ይህን ጉዳይ በራሳቸው መንገድ አንስተውብኛል። ማታ ምጣዱ አልግል ሲላቸው «አንተ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ አይደል የምትማረው? ያችን እጀታ ትንሽ ከፍ የሚያደርግልን ሰው ይጥፋ?» አሉኝ። «እማማ፣ ከፍ ቢል ሌሊት አምፖል ያቃጥልብዎታል» ስላቸው አላመኑኝም። እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ከላይ የሚመጣው ወደ 14,400 ቮልት ይወርዳል እንበል፤ ሌሊት ደግሞ ወደ 15,000 ይመለሳል። ታፑ 3 ላይ ከሆነ ማታ ከትራንስፎርመሩ ሥር በፌዝ 222 ቮልት ይገኛል። የአንድ ምጣድ ፍጆታ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነውና ሽቦው በመንገድ ላይ 30 ቮልት ቢበላ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት 192 ይደርሰዋል። ታፑን 5 ላይ ብናደርገው የመጨረሻው ቤት ወደ 203 ከፍ ይላል። ጥሩ ነው! ነገር ግን ሌሊት ምጣዱ ሁሉ ሲወርድ ትራንስፎርመሩ 243 ቮልት ይሰጣል፤ ይህም ከ220 ከ10 በመቶ በላይ ብልጫ ነው። ማቀዝቀዣውም ቴሌቪዥኑም የሚጎዳው ያኔ ነው። በ4 ላይ ሲሆን ማታ 227፣ ሌሊት 237 ነው። እኔ ብጠየቅ 4ን እመርጣለሁ። ያም ሆኖ በመንገድ ላይ የጠፋውን 30 ቮልት የትኛውም ታፕ አይመልሰውም። እሱ የሚድነው ሽቦውን በማወፈር፣ ቤቶቹን በሦስቱ ፌዝ እኩል በማከፋፈል ወይም ትራንስፎርመሩን ወደ ሰፈሩ መሐል በማቅረብ ነው። የሰፈሩ እጀታ በዓመት አንዴ ቢነካ ነው፤ የማታና የሌሊት ልዩነትን ሊከተል አይችልም።

ያንን የሚከተለው በማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ጢስ ዓባይ 1 በ11.4 ሜጋዋት ሥራ ሲጀምር ጄኔሬተሩ ለከተማዋ ቅርብ ነበር። ጄኔሬተር ቅርብ ሲሆን ቮልቴጅን እዚያው ማስተካከል ይቻላል። ዛሬ ግን ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 73 ሜጋዋቱ ጢስ ዓባይ 2፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ ተጨምረው ሁሉም ከአገሪቱ መረብ ጋር ተያይዘዋል። ለአንድ ከተማ ማታ ተብሎ የመረቡ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ አይደረግም፤ እዚያው ጣቢያ ላይ፣ ትራንስፎርመሩ ጭነት እንደያዘ ታፕ ይቀየራል። በነገራችን ላይ መብራት ኃይል በ2013 እ.ኤ.አ. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ማስተላለፊያው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኗል። ስለዚህ ሁለቱ የታፕ ዓይነቶች በሁለት ተቋማት ሥር ናቸው።

ጭነት እንደያዘ እንዴት ይቀየራል? ጀርመናዊው በርንሃርድ ያንሰን በ1927 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስመዘገበው ዘዴ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ታፕ መራጩ ከረንት በማያልፍበት በኩል ቀጣዩን ታፕ ቀስ ብሎ አስቀድሞ ይይዛል። ከዚያ ዳይቨርተር ስዊች የሚባለው ክፍል ከረንቱን ከአሮጌው ታፕ ወደ አዲሱ ያሸጋግራል። ለቅጽበት ሁለቱም ታፖች ይያያዛሉና አጭር ዙር እንዳይሆን ከረንቱ በሬዚስተር በኩል ያልፋል። ሬዚስተሩ እንዲህ ያለውን ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ ስለዚህ ሽግግሩ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ማለቅ አለበት። ይህን ፍጥነት የሚሰጠው ሞላ ነው። ሞተሩ ወይም እጃችን ሞላውን እያጠነጠነ ይሄዳል፤ ሞላው ሲሞላ በራሱ ይፈናጠራል። የምንዘውረው ጎበዝም ይሁን የደከመ፣ ቀስ ይበል ይፍጠን፣ የሽግግሩ ፍጥነት ያው ነው። የመሣሪያው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ የሰው እጅ ከከረንቱ ተለይቷል።

የሬገንስቡርጉ ራይንሃውዘን ፋብሪካ በሚሠራው ኢዲ በተባለ ማንቀሳቀሻ አንድ ታፕ ለመቀየር መዘወሪያው 33 ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን በ5 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። መዘወሪያው ሲገባ አንድ ማብሪያ ይገፋና የሞተሩን መስመር ይቆርጣል። አለበለዚያ እየዘወርን ሳለ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ትእዛዝ ቢመጣ የእጅ አንጓችን ይሰበራል። ሌላም አለ። ጀምሮ መተው የለም፤ አመልካቹ ግራጫው መስክ ውስጥ እስኪገባ መዘወር ያስፈልጋል። በመሐል ቆሞ መዘወሪያው ቢነቀል፣ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ሞተሩ የቀረውን ራሱ ሊጨርሰው ይችላል። ሞተሩ የቆመው መብራት አጥቶ ከሆነ በእጅ መቀጠል ይቻላል። የቆመው አንድ ነገር ይዞት እንደሆነ ከተጠረጠረ ግን ትራንስፎርመሩ ሳይጠፋ መዘወሪያውን መንካት አይገባም። ሞተሩን ያስቆመው ነገር ክንዳችንንም ያስቆማል፤ ክንዳችን ያሸነፈው እንደሆነ ደግሞ ይበልጥ የከፋ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት መዘወሪያው የሚከበረው ግን በአደጋ ጊዜ ሳይሆን በጥገና ጊዜ ነው። ማንቀሳቀሻው ተፈትቶ እንደገና ሲገጠም ሳጥኑና በዘይት ውስጥ ያለው ስዊች እኩል መናበባቸው በምን ይታወቃል? በጆሮና በቆጠራ። ትራንስፎርመሩ ጠፍቶ፣ በአንድ አቅጣጫ እየተዘወረ ዳይቨርተሩ ጧ ሲል ይሰማል፤ ከዚያች ድምፅ ጀምሮ አመልካቹ መሐል እስኪደርስ የቀሩት ዙሮች ይቆጠራሉ። ከዚያ በተቃራኒው ይደገማል። ለምሳሌ ወደ አንዱ 12፣ ወደ ሌላው 8 ቢሆን ልዩነቱ 4 ነው። የሚፈቀደው ግን 1 ዙር ብቻ ነው። ዘንጉ ይለያይና ማንቀሳቀሻው ብቻውን የልዩነቱን ግማሽ፣ ማለትም 2 ዙር፣ ብዙ ዙር ወደቀረበት አቅጣጫ ይዘወራል፤ ዘንጉ ተመልሶ ይገጠማል፤ እንደገና ይቆጠራል። በ12 እና በ8 ተትቶ ቢሆን ስዊቹ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ ወደ ሞተሩ መቆሚያ ቀርቦ ይፈናጠር ነበር።

ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አለች፤ ሥራዋ እርጥበት እንዳይጠል ማድረግ ነው። ክረምት ላይ የጣቢያው ረዳት መስመር ለቀናት ቢቋረጥ እሷም ትጠፋለች። የማርሹ ቅባት፣ የመገናኛዎቹ ጫፍ፣ መዘወሪያው የሚገፋው ማብሪያ ሳይቀር ውሃ ይይዛል። መስመሩ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚከፈተው የሳጥኑ በር ነው፤ ያ ማብሪያ ዝጎ ከተጣበቀ መዘወሪያው ቢገባም ሞተሩ አይቆረጥም።