ልባችን በደቂቃ ስንት ሊትር ደም ትረጫለች?

ዛሬ ስለ ልብ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። አምና ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራትና ቁጭ ትል ነበር። እኛ ስንፍና መስሎን እንስቅባታለን። ኋላ ባሕር ዳር ተወስዳ በአልትራሳውንድ ስትታይ አንዱ የልቧ በር (ቫልቭ) በደንብ እንደማይዘጋ ታወቀ። እኔም አብሬ ስለነበርኩ ሐኪሙ ያስረዱኝን ልንገራችሁ።

የአዋቂ ሰው ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ትረጫለች። በደቂቃ 70 ጊዜ ብትመታ 70 × 70 = 4,900 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 5 ሊትር ገደማ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን በ4 ደቂቃ ትሞላዋለች ማለት ነው!

ታዲያ ደረት ሳይከፈት እንዴት ይለካል? አልትራሳውንድ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ይልካል። እኛ የምንሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ነው፤ የእሱ ግን በሚሊዮን ይቆጠራል። ድምፁ ልብ ጋ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ መሣሪያው ሥዕል ይሠራበታል። ምንም አያምም።

1ኛ. ደሙ ከልብ የሚወጣበት ቀዳዳ ይለካል። ከዳር እስከ ዳር 2 ሳ.ሜ ከሆነ ስፋቱ 3.14 × 1 × 1 = 3.14 ካሬ ሳ.ሜ ነው።

2ኛ. ደሙ በአንድ ምት የሚጓዘው ርቀት ይፈለጋል። ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ካለፈን በኋላ ይወፍራል አይደል? ይህን ለውጥ ዶፕለር የተባለ የኦስትሪያ ሰው በ1842 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ከደሙ ተመላሽ ድምፅም ፍጥነቱ ይታወቃል፣ ከፍጥነቱ ርቀቱ ይገኛል። 22 ሳ.ሜ እንበል።

3ኛ. እንደ ሲሊንደር ይዘት እናባዛለን። 3.14 × 22 = 69 ሚሊ ሊትር ገደማ። ይህን በደቂቃው የምት ቁጥር ማባዛት ብቻ ነው!

የእህቴ በር ግን ስለማይገጥም ከተረጨው ደም ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልቧ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ትሠራለች። የደከማት ለዚህ ነው፤ ሰንፋ አልነበረም።

በሽታው የጀመረው ከጉሮሮ ነው። ቶንሲል ሲያማት እንጥሏን አስቆርጠን ዳነች ብለን ተቀመጥን። ለካ ባክቴሪያው በመድኃኒት ካልጠፋ ሰውነት እሱን ሊዋጋ ሲል የራሱን ልብ ይጎዳል። አሁን በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ከዚያ ሳይደረስ ግን መከላከል ይቻላል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ጉሮሯችሁን ሲያማችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዳገት ላይ የሚቀመጥ ልጅ ስታዩም አትሳቁ።

ጥያቄ፦ የእጃችሁን የደም ሥር ይዛችሁ ለ1 ደቂቃ ቁጠሩ። ስንት መታ? ከሮጣችሁ በኋላስ? መልሱን ለክበባችን አምጡ።