ስኳር ላለባት እህት ዝግጅቱ ከእርግዝና በፊት ነው



ኢንሱሊን ለስኳር ሕመምተኛ መጀመሪያ የተሰጠው እዚሁ ቶሮንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ዛሬ ስኳር ያለባት እህት ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች፤ ቀድማ ከተዘጋጀች። የፅንሱ ልብና አከርካሪ መሠራት የሚጀምሩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ መሠረት ከፈሰሰ በኋላ ማረም እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ስለዚህ ኤ1ሲ የሚባለው የ3 ወር አማካይ የስኳር ልኬት ከእርግዝና በፊት ከ7 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 6.5 እንዲወርድ፣ ፎሊክ አሲድም ቢያንስ 3 ወር ቀድሞ እንዲጀመር ይመከራል። መድኃኒቶቿን ሐኪም ይያቸው፤ በራሷ አታቋርጥ።

አላህ ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ሐኪም ከከለከላት በረመዳን አለመጾሟ ድክመት አይደለም።

ስኳርን ከእጮኛ መደበቅ እነዚህን የዝግጅት ወራት ይበላል። ወንድሜ፣ ስትነግርህ አትሽሽ፤ ከኒካሕ በኋላም አብረሃት ሐኪም ዘንድ ሂድ።