ትምህርት 14፦ ከልባሽ ጨርቅ አዲስ ሥራ
(ያልተፈጸመን ድርጊት የሚገልጹ ግሦችና የአሠራር ድርሰት)

ሀ. የትምህርቱ ዓላማ

በዚህ ትምህርት ገና በሐሳብ ያለን፣ ሊሆን የሚችልንና ሊሆን ሲችል የቀረን ድርጊት ለይታችሁ መጻፍን ትማራላችሁ። ለምሳሌ እንዲሆንም ያገለገለ ጨርቅ ማጠራቀምንና ከእርሱ ልዩ ልዩ ነገር ለመስፋት ማሰብን መርጠናል። ጨርቅ የሚያጠራቅም ሰው «ይህ ቢሰፋ ምን ይወጣዋል?» እያለ ዘወትር ራሱን ይጠይቃልና፣ ለዚህ የሰዋስው ክፍል ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም እያንዳንዱ ግሥ የሚያመለክተውን ጊዜ ልብ በሉ።

እራፊና ሐሳብ

በብዙ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን በላይ፣ አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አይታጣም። ቋጠሮው ሲፈታ ጉልበቱ ላይ የሳሳ የካኪ ሱሪ፣ ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ፣ ዳሩ የተተለተለ ነጠላ፣ ከልብስ ሰፊ ቤት የመጣ ቁርጥራጭ፣ ከገበያም በርካሽ የተገዛ ሳልባጅ ይገኝበታል። ለቸኮለ ተመልካች ይህ ሁሉ ቡትቶ ነው። ለሚያስተውል ሰው ግን ሱሪው የመጽሐፍ መያዣ፣ ሸሚዙ የሕፃን ቀሚስ፣ ነጠላው የትራስ ልብስ ሊሆን ይችላል።

የቀድሞ ሰዎች ጨርቅን እንዲሁ የማይጥሉት በንፍገት አልነበረም። ጥጥ ተለቅሞ፣ ተዳምጦ፣ ተባዝቶና ተፈትሎ፣ ሸማኔውም ድሩን አድርቶ ማጉን እየወረወረ እስኪሠራው ድረስ፣ አንድ ልብስ የብዙ እጅ ድካም ይጠይቃል። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ ስለሚዘጋጅ፣ በውስጡ ያለው የፈትል ልፋት ቀላል አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ልብሱ አንድ ቦታ ስለ ተቀደደ ብቻ ሁሉን አውጥቶ አይጥልም፤ ደኅናውን ከደካማው ይለያል።

ልብስ በመኪና የሚሰፋበት ዘመን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቁርጥራጭ በዛ። በሐረር የግንብ ከተማ ውስጥ «መኪና ግር ግር» የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የመኪና ድምፅ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ሁሉ ከመቀስ ሥር የሚወድቀው ብጥስጣሽ፣ አንዱ ብቻውን ለምንም የማይበቃ ቢመስልም፣ በቀለምና በውፍረት ተለይቶ ቢገጣጠም ለገበር፣ ለኪስ ወይም ለትራስ ልብስ ይበቃል።

ይሁን እንጂ በቋንቋችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል የድህነት መለያ ሆኖ ኖሯል። ጉልበቱ ላይ እራፊ የተጣፈለት ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሲቀመጥ እራፊውን በደብተሩ ይሸፍነዋል። ልብሱን የጣፈችለት እናቱ ማታ በመብራት ዓይኗን አድክማ የሠራችው ሥራ እርሱን የሚያሳፍር ይመስለዋል። ለመሆኑ ነውሩ ከእራፊው ነው ወይስ ከተመልካቹ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሌላ አገር ታሪክ ይረዳናል። በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ ጂስ ቤንድ የምትባል በሦስት ጐን በወንዝ የተከበበች የገጠር መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የመንደሪቱ ሴቶች ያለቀ የሥራ ልብስ እየፈቱና እየቈረጡ፣ እራፊውን ከእራፊ ጋር እያጋጠሙ፣ ቤተ ሰባቸውን ከብርድ የሚያድን የተጣጣፈ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። በ1966 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የአካባቢው ሴቶች ሥራቸውን የሚሸጡበት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ2002 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የመንደሪቱ ብርድ ልብሶች በሂዩስተንና በኒው ዮርክ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታዩ፤ በ2006 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥዕላቸው በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። ጨርቁ ያው ያለቀ የሥራ ልብስ ነበር፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። እነዚያ ሴቶች የተከበሩት ጨርቅ ስላጠራቀሙ አይደለም፤ ስለ ሰፉ ነው። ማጠራቀም ያስደስታል፤ ማሰብ ደግሞ ከማጠራቀም ይበልጥ ያስደስታል። በሐሳብ የተሰፋ ልብስ ስፌቱ አይጣመምም፣ ልኩም አይጠብም። ስለዚህ አንዳንድ ሰው በሐሳቡ ብዙ ልብስ እየሰፋ ቋጠሮውን ግን ለዓመታት ሳይፈታው ይኖራል። አንድ ቀን ሲፈታው የሱፉን ጨርቅ ብል በልቶት፣ የጥጡንም እርጥበት አሻግቶት ያገኘዋል። ያን ጊዜ «ብሰፋው ኮት ይወጣዋል» ይል የነበረው ሰው «ብሰፋው ኖሮ ኮት ይወጣው ነበር» ይላል። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ፊደል ነው፤ የጠፋው ግን ጨርቁም ጊዜውም ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

እራፊ፦ ለመጣፊያ የሚሆን ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ።
ሳልባጅ፦ ሰው ለብሶት ከቈየ በኋላ ለገበያ የሚቀርብ ልብስ።
ድሪቶ፦ ከ«ደረተ» የወጣ ስም፤ እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረበ የተጣጣፈ ልብስ።
ድርና ማግ፦ ድር በቁመት የተዘረጋው ክር ነው፤ ማግ በአግድም የሚገባው ነው።
ገበር፦ በልብስ ውስጥ በኩል የሚደረብ ጨርቅ።
መቀምቀም፦ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተለተል አጥፎ መስፋት።

ማስገንዘቢያ፦ «መስፋት» ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ጨርቅን በመርፌ ማያያዝ ነው፤ ሁለተኛው ሰፊ መሆን ነው። ግሡ በመልክ አንድ ቢሆንም ከእርሱ የሚወጡት ስሞች ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው «ስፌት»፣ የሁለተኛው «ስፋት» ይባላል። «የቦርሳው ስፌት ጠንካራ ነው» እና «የቦርሳው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ነው» የሚሉትን አነጻጽሩ።

መ. ሰዋስው፦ ያልተፈጸመን ድርጊት መግለጽ

1. ዕቅድ፦ «ከሱሪው ቦርሳ ልሰፋ አስባለሁ።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ድርጊቱ በተናጋሪው ሐሳብ ውስጥ ብቻ አለ። ባለቤቱ ሲለወጥ ግሡም ይለወጣል፦ «ሊሰፋ ያስባል»፣ «ልትሰፋ ታስባለች»፣ «ሊሰፉ ያስባሉ»።

2. የሚቻል ሁኔታ፦ «ሱሪውን ብፈታው ቦርሳ ይወጣዋል።» መነሻው «ብ» ድርጊቱ ገና እንዳልተፈጸመ፣ ነገር ግን በሩ እንዳልተዘጋ ያመለክታል። ሱሪው አለ፤ መቀሱም አለ።

3. የሚጠበቅ ሁኔታ፦ «ጨርቁ ካልሳሳ ቦርሳ ይወጣዋል።» እዚህ «ከ» የገባው ውጤቱ በአንድ በሚጣራ ነገር ላይ ስለሚወሰን ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተን ስናይ፣ በሁለት እጅም ስንስበው፣ መሳሳቱን ወይም አለመሳሳቱን እናውቃለን።

4. ያመለጠ ሁኔታ፦ «ሱሪውን ብፈታው ኖሮ ቦርሳ ይወጣው ነበር።» «ኖሮ» ሲጨመር በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። አሉታው ደግሞ «ብል ባይበላው ኖሮ ኮት ይወጣው ነበር» ይሆናል።

ብዙ ተማሪዎች አራተኛውን ከሁለተኛው ጋር ይደባልቃሉ። «ብፈታው ኖሮ ቦርሳ ይወጣዋል» የሚለው ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ሐረግ «ኖሮ» ከገባ በማሰሪያው አንቀጽ «ነበር» መግባት አለበትና።

ሠ. ድርሰት፦ ሐሳብን ወደ አሠራር መለወጥ

የአሠራር ድርሰት አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት ነው። ጸሐፊው ሦስት ነገሮችን ይጠብቃል። አንደኛ፣ ዕቃውንና ልኩን አስቀድሞ ይገልጻል። ሁለተኛ፣ ሊቀድም የሚገባውን አያስከትልም፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ልኩን ሳይናገር መቁረጥን የሚያዝ ድርሰት አንባቢውን ጨርቅ ያስበላሻል። ሦስተኛ፣ በ«ይፈታል፣ ይለካል» ከጀመረ እስከ መጨረሻው በዚያው ይዘልቃል እንጂ ወዲያው ወደ «ፍቱ፣ ለኩ» አይዞርም።

የሚከተለው አንቀጽ ለምሳሌ የቀረበ ነው።

«ከአሮጌ የካኪ ሱሪ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመጽሐፍ ቦርሳ መስፋት ይቻላል። በመጀመሪያ ሱሪው ይታጠባል፤ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ሊሸሽ ስለሚችል ከመለካት በፊት ማጠብ ይገባል። ከደረቀ በኋላ የሁለቱ እግሮች ስፌት በአንድ በኩል ተፈትቶ ጨርቁ ይዘረጋና ይተኰሳል። ቀጥሎ ጉልበቱ ላይ የሳሳው ክፍል ተለይቶ ከታችኛው ደኅና ጨርቅ ሁለት ገጾች ይለካሉ። በግራና በቀኝ ለስፌት 1.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚተው የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት 33 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከታች ለስፌት 1.5፣ ከላይ ለመቀምቀሚያ 4 ሳንቲ ሜትር ስለሚጨመር ቁመቱ 41.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የገጹ ቁመት የጨርቁን ድር መከተል አለበት፤ ጨርቅ በሰያፍ ሲቈረጥ ይለጠጣልና። ሁለቱ ገጾች መልካቸው ወደ ውስጥ ሆኖ በሦስት ጐን ይሰፋሉ፤ አፉም ይቀመቀማል። በመጨረሻ ከተረፈው ደኅና ጨርቅ ስፋታቸው 8፣ ርዝመታቸው 60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ለአራት ታጥፎ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማንገቻ ሆኖ ከተሰፋ በኋላ በቦርሳው አፍ ላይ ይያያዛል።»

ድርሰትም እንደ ስፌት ነው። ከዚህም ከዚያም የተለቀሙ ዓረፍተ ነገሮች ሳይለኩና ሳይገጥሙ ቢደረደሩ የቃላት ድሪቶ እንጂ ድርሰት አይሆኑም። ጥሩ ቃል ማጠራቀም ተገቢ ነው፤ ከርእሱ የማይገጥመውን ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ረ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ የሚቻልንና ያመለጠን ሁኔታ የሚገልጹትን ዓረፍተ ነገሮች ለይታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

2. ቀጥሎ ያሉትን በትክክለኛው የግሥ ቅርጽ አሟሉ።
 (ሀ) እኅቴ ሸሚዙን ብትፈታው የሕፃን ቀሚስ ________። (ወጣ)
 (ለ) እርጥበት ባያገኘው ኖሮ ነጠላው ለትራስ ልብስ ________። (በቃ)
 (ሐ) አባባ ከአሮጌ ኮታቸው ሰደርያ ________ አስበዋል። (ሰፋ)

3. «ስፌት» እና «ስፋት» በሚሉት ቃላት ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

4. «ነውሩ ከእራፊው ነው ወይስ ከተመልካቹ?» ለሚለው ጥያቄ ምንባቡ የሰጠው መልስ ምንድን ነው? እናንተስ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

5. የቤተ ሰባችሁን ፈቃድ ጠይቃችሁ በቤታችሁ ካለው ያገለገለ ጨርቅ አንዱን ምረጡ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጨርቁ ቀድሞ ምን እንደ ነበረና ማን እንደ ለበሰው በኃላፊ ጊዜ ጻፉ። በሁለተኛው አንቀጽ ምን ምን ሊወጣው እንደሚችል «ብ» እና «ከ»ን እየተጠቀማችሁ ግለጹ። በሦስተኛው አንቀጽ ከሐሳባችሁ አንዱን ብቻ መርጣችሁ አሠራሩን ከነልኩ አስረዱ።

6. በሦስተኛው አንቀጽ የጻፋችሁትን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በእጃችሁ ሥሩት። ከዚያም «ብሰፋው» ያላችሁበትን ሁሉ «ሰፋሁት» ወደሚለው ለውጣችሁ ድርሰቱን እንደገና ጻፉ፤ ከሠራችሁት ዕቃ ጋርም ለክፍላችሁ አቅርቡ።